ከግድግዳው ማዶ ያለው ጣቢያ

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እኔ እተካለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍ የተወሰደ ልክ ፊቴ ደርድሬ በጀሶ እሞላለሁ፣ በሰም እቀርጻለሁ፣ ከአሥራ ስድስት ዓይነት ነጭ የትኛው የማን እንደሆነ በዓይኔ እለያለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። እንዲህ ያለ ዓይን ይዤ፣ ሁለት ወር ሙሉ አፍንጫዬ ሥር የተደረገብኝን አላየሁም ለማለት ነው።

ይህን ያደረገብኝን ሰው የተዋወቅኩት ሊፍት ውስጥ ተቆልፌ ነው። ሃያ ኪሎ ጀሶ ታቅፌ ወደ ቤታችን፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ሊፍቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ። መብራቱም ጠፋ። በሩን በጡጫ ደበደብኩ፣ ጮኽኩ፣ የሕንፃውን ባለቤት እስከ ሰባት ትውልዱ ረገምኩ።

«ጨረስሽ?» አለኝ አንድ ድምፅ ከበሩ ማዶ።

«አልጨረስኩም! አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሊፍት ጠጋኙ። ቀጥዪ፣ ስትሳደቢ የት ጋ እንደቆመ ለማወቅ ይረዳኛል።»

ሳላስበው ሳቄ መጣ። በሩን ለመክፈት አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ አርባውንም ደቂቃ አወራን። ሲከፈት እሱ ከላይ ጎንበስ ብሎ ቁልቁል፣ እኔ ከረጢቱ ተቀዶብኝ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ነጭ ሆኜ ሽቅብ ተያየን። በጨለማ ያን ያህል ስንለፈልፍ የቆየን ሰዎች በብርሃን አፍ አጣን።

«ይሄ ሁሉ ጀሶ ለምንድን ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ተራራ ልሠራበት።»

«ምን?»

«ተራራ። ካላመንክ ናና እይ።»

ቤታችን የገባው እንዲህ ነው፣ የእኔን ጀሶ ተሸክሞ።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበር። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ሃዲዱ ተነቀለ፣ ጣቢያውም የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። እናቴ በሞተች በዓመቱ አባዬ የሳሎኑን ወንበሮች አስወጥቶ ጣውላ መቁረጥ ጀመረ። ጣቢያውን እንደነበረ፣ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሶ፣ እንደገና ሊያቆመው ነው። መጀመሪያ ላይ ሐዘኑ አናቱ ላይ የወጣ መስሎኝ ፈራሁ። አንድ ቀን ግን የመስኮት ፍሬም ሲያጣብቅ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ «እስቲ ስጠኝ» አልኩት። በዚያው ገባሁበት።

የጥርስ ቤት ዕቃ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በጥርስ መፋቂያ የድንጋይ ግድግዳ መገጣጠሚያ አሰምራለሁ። ከሰው ሠራሽ ድድ የተረፈውን ቁራጭ አሳስቼ ቡናማ ቀብቼ የጣሪያ ክዳን አድርጌዋለሁ፤ አባዬ ለሰው ሁሉ «የጣቢያዬ ጣሪያ ከድድ ነው» እያለ ይስቃል። ሣሩ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ፣ የረገፈው ቅጠል ተፈልቶ የደረቀ ሻይ ነው። አባዬ የማይወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንጹሕ ነገር።

«አቆሽሺው» ይለኛል። «ጣቢያ አዲስ ሆኖ አያውቅም። የውሃው ጋን ሥር ዝገቱ የታለ? ያ ፉርጎስ እንደ ሙሽራ ምን ያብለጨልጨዋል?»

ሊፍት ጠጋኙ ጀሶውን አስቀመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ዓይኑን ከሃዲዱ እኩል አደረገ። ብዙ እንግዳ ቤታችን መጥቷል፤ ሁሉም ከላይ ሆኖ «ውይ ሲያምር!» ብሎ ይሄዳል። የተንበረከከ እሱ ብቻ ነው።

«ከዚህ ሲያዩት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባቡር የሚጠብቅ ሰው ይሆናሉ።»

አባዬ በዚህች ቃል ወደደው፤ «ሊፍቱ» ብሎም ስም አወጣለት። እኔም እዚያው ወደድኩት፤ ለራሴ ግን ለመናገር ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ እኛ ጋ ነው። ያለ ሌላ ጣቢያ ባቡር የት ይሄዳል ብሎ ከሳሎኑ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት አስጸዳን፤ እዚያ ሁለተኛ ጣቢያ ልንሠራ ነው። የእኛ «ታችኛው»፣ ያኛው «ላይኛው» ተባለ። ባቡሩ በዋሻ አልፎ እንዲሄድ ግድግዳው መበሳት ነበረበት። እሱ ከማዶ፣ እኔ ከዚህ በመሮ ስንቆፍር ዋልን። አመሻሹ ላይ አንዲት ጡብ ወደቀችና በቀዳዳው አንድ ዓይን ብቅ አለ።

«አገኘሁሽ» አለኝ ዓይኑ።

ጣቴን አሾለክሁ። በማዶ በኩል ያዛትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ፉርጎ እያቆሸሸ ነበር፤ ቀና ሳይል «ግድግዳው ተበሳ መሰለኝ» አለ። ፊቴ እሳት ሆነ።

አሁን አባዬ ስላወጣው ሕግ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ባቡሩ የሚሄደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ይዘጋል፤ ሥራው እስኪያልቅ መክፈት ክልክል ነው። እኔ ታችኛው ጣቢያ፣ ሊፍቱ ላይኛው ጣቢያ እንቀመጣለን፤ አባዬ እኔ ጋ ሆኖ ሰዓት ይይዛል። የምንነጋገረው በደወል ብቻ ነው። እኔ ቁልፌን ስነካ ከእሱ ጋ ይደውላል፤ እሱ ሲነካ ከእኔ ጋ። አንድ ማለት «አለህ?» ነው። ሦስት «ባቡር ልላክ?» ስድስት ደግሞ «አደጋ! ሁሉንም ትተህ ድረስ!» ማለት ነው። የሰማ ሰው መስማቱን ለማሳወቅ የሰማውን ያህል ይደግማል፤ አንድ ሲሉት አንድ፣ ሦስት ሲሉት ሦስት። አበቃ።

«በሩን ክፍት አድርገን ብንነጋገርስ?» ብዬ ነበር ገና ስንጀምር።

አባዬ የሰደብኩት ያህል አየኝ። «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የወዲያኛውን ጣቢያ ሹም ፊቱን አይቼ አላውቅም። ደወል መለሰ፣ አለ ማለት ነው። አለ ካለ፣ ሦስት መቶ ሰው አሳፍሬ እሰድለታለሁ። ጣቢያ ለጣቢያ አይተያይም፤ ይተማመናል እንጂ።»

ሊፍቱ ደወል ላይ ጎበዝ አልነበረም። ይዘገያል፤ የመጨረሻዋን ምት ደግሞ ይጎትታታል፣ ረስቷት ኋላ ትዝ ያለችው ይመስላል። ሦስት ሲደውል ሁለቱ ቶሎ ይመጡና ሦስተኛዋ ቆይታ ጠብ ትላለች። አባዬ «ይሄ ልጅ መቁጠር አልተማረም?» እያለ ይነጫነጫል፤ እኔ ግን ያቺን የምትዘገይ ምት እየጠበቅሁ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሁለታችን ብቻ የምናውቃትም አንዲት ደወል ነበረችን፤ ሁለት፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት። ትርጉሟ «ናፈቅሽኝ» ነው። በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግን እውነት ለመናገር እናፍቀው ነበር።

አንድ እሑድ ወንዝ ዳር ስንሄድ ከእኔ በፊት ማንን እንደወደደ ጠየቅሁት። አልዋሸኝም። ፀጉር ቆራጭ ነበረች፤ ሦስት ዓመት አብረው ቆይተው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች።

«ብትመለስስ?» አልኩት እየሳቅሁ።

«አትመለስም» አለኝ።

መልሱ ለጥያቄዬ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

አባዬን የጠየቀው በዚያው ሰሞን ነው። የሥራ ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ እያሽከረከረ ቆመ፤ አባዬ ፊት ሁልጊዜ ቆቡን ያወልቃል።

«አባባ፣ ልጅዎን ላገባ እፈልጋለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ።»

አባዬ መነጽሩን ጠራረገ። «ምን ያህል እንደምትወዳት እኔ መለኪያ የለኝም። ሰው መኖር አለመኖሩን የምለካበት ግን አለኝ። ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ አንድም ደወል ሳይመለስ ካልቀረ፣ ልጄን አግባ። አንድ ቅዳሜ ከቀረህ ከአንድ ትጀምራለህ።»

«አባዬ!» አልኩ።

«ብታመምስ?» አለ ሊፍቱ እየሳቀ።

«ጣቢያ ሹም አይታመምም። ቢታመምም ይመልሳል።»

ሁላችንም ሳቅን። አባዬ ግን የሳቀው በአፉ ብቻ ነበር። ሊፍቱ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ ቆጠራው በዚያው ቅዳሜ ተጀመረ።

ክረምት ከበጋ እኔ በየማለዳው ሥራ ስሄድ የቀሩትን ቅዳሜዎች እቆጥር ነበር። አርባ። ሠላሳ ሁለት። ሃያ። አሥራ አንድ ሲቀሩ አካባቢ ደወሉ አማረ። መዘግየት ቀረ። ሦስቱም ምት እኩል፣ ጥርት ብለው ይመጣሉ። ባቡሩ በላይኛው ጣቢያ ዞሮ በደቂቃው ከዋሻው ብቅ ይላል።

«አሁን ገና ጣቢያ ሹም ሆነ!» አለ አባዬ ጉልበቱን እየመታ።

እኔም ኮራሁ። ለእኔ ብሎ ተለማመደ አልኩ። ሁለት-ሁለት ብዬ ስልክለት፣ ሁለት-ሁለት ትመለሳለች፣ ንጹሕ፣ ሳትጎተት። ያቺን የምትጎተት ምት አንድ ሁለቴ ናፍቄያለሁ፤ ግን ሰው ሲሻሻል የሚከፋት ሴት ሞኝ ናት ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ እንዲህ ዓይነት ፈረስ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ሁሉ ነገር የተገለጠው ሦስት ቅዳሜ ሲቀር ነው።

ስለ ተራራው ልናገር። ሊፍቱ «ጀሶ ይከብዳል፤ በስፖንጅ ሥሪውና ላዩን ብቻ ለስኚው» ብሎኝ ነበር። «ተራራ ስፖንጅ አይደለም» አልኩት። እኔ ነኛ! በጀሶ ስድስት ወር ሠራሁት፤ ገደሉ፣ ድንጋዩ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለው ሽበት ሁሉ ሳይቀር። ሲያልቅ ጠረጴዛው መጉበጥ ጀመረ። «የኋላውን እግር በብረት አስረዋለሁ» አለኝ ሊፍቱ። «ቅዳሜ ከባቡር ባቡር መሀል ጊዜ አለኝ፤ ከእኔ በኩል ግድግዳውን ከሥር በስቼ እሠራዋለሁ።» ስድስት ቅዳሜ እንዲህ አለኝ። ሲጠየቅ «ትንሽ ቀርቶታል» ይላል።

ያን ቀን የታችኛው ጣቢያ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ሽቦውን ላጠብቅ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከላይ ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማኛል። ሽቦውን ሳብ ሳደርግ የኋላው እግር ሸርተት አለ፤ ጠረጴዛው ከነተራራው ጀርባዬ ላይ ዐረፈ።

በአራት እግሬ ተንበርክኬ ያን ሁሉ ጀሶ ተሸከምኩ። ብለቅ የአባዬ ጣቢያ፣ የውሃው ጋን፣ ከድድ የተሠራው ጣሪያ፣ ስድስት ዓመት፣ ሁሉም ወለል ላይ ነው። ብይዝ ትከሻዬ ሊነቀል ነው።

«አባዬ! ስድስት ደውል!»

አባዬ ጉልበቱን ያመዋል፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣልኝ አይችልም። ግን ደወል ያውቃል። ስድስት ጊዜ ሲመታ ሰማሁት። አርባ ዓመት ሲሠራ ስድስት የደወለው ሁለት ቀን ብቻ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር።

ወዲያው ስድስት ተመለሰ። ጥርት ያለ ስድስት።

«ሰምቷል» አለ አባዬ። «አይዞሽ ልጄ፣ መጣ።»

ጠበቅን። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«አባዬ፣ አልመጣም!»

«መልሷል እኮ። እየመጣ ነው።» እንደገና ስድስት ደወለ። እንደገና ስድስት መጣ።

«በሩን ክፈተው! አባዬ፣ በናትህ ክፈተው!»

«መልሷል እያልኩሽ! የመለሰ ሰው ይመጣል!» ጮኸብኝ፤ አባዬ ጮኾብኝ አያውቅም። ሦስተኛ ጊዜ ደወለ። ስድስት መጣ። ከዚያ ዱላውን ሲያነሣ፣ እግሩን ሲጎትት፣ የበሩን እጀታ ሲያዞር ሰማሁ።

ዝም አለ።

«አባዬ?»

«ሰው የለም» አለ።

«ምን ማለት ነው ሰው የለም? ስድስቱን ማን መለሰ?»

የእኔ ቁልፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ነው፤ እጄን ዘርግቼ አንድ ጊዜ ነካሁት። አለህ? በተከፈተው በር ከላይኛው ጣቢያ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ፤ ጆሮዬ ሥርም ደወሉ አንድ ጊዜ መታ። አለሁ።

«አባዬ፣ አሁን አንተ ነህ የነካኸው?»

«እኔ አይደለሁም» አለ አባዬ፣ ድምፁ ልክ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ራሱ ነው። ሳጥን ነው። ራሱን በራሱ ይመታል።»

በየት ጉልበት እንደሆነ አላውቅም፣ አባዬ የብረቱን ወንበር እየገፋ አምጥቶ ከጠረጴዛው ሥር አስገባልኝ። ሾልኬ ወጣሁ። ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። አላየሁትም። ቀጥ ብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ወደ ኮሪደሩ የሚያስወጣው በር ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ሥር ጫማ ማስቀመጫ የምታህል ሳጥን ተቀምጣለች፤ ውስጧ ከአሮጌ ሊፍት የተፈታ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሽቦ፣ ትንሽ ሞተር። ከሃዲዱም ሽቦ ተስቦላታል፤ ባቡሩን የምትቀበለውም የምትልከውም እሷ ናት። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሊፍቱ ሲሠራ ንጹሕ ነው። የሰማችውን ትደግማለች፣ ሌላ አታውቅም።

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቁልፌን ያዝኩ። አባዬ «ተዪው ልጄ» አለኝ። አልሰማሁትም። ሁለት መታሁ፤ ትንሽ ዝም አልኩ፤ ደግሞ ሁለት መታሁ።

ሁለት-ሁለት መጣች። ናፈቅሽኝ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሁለት ወር ሙሉ የራሴን ቃል ነበር መልሼ ስሰማ የኖርኩት። ሁለት ወር ሙሉ ለአንድ ጥፍር የሚያህል ሞተር ናፈቅኸኝ ስል ነበር፤ ቀን ሲያልቅም ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ በሩ እስኪከፈት ስጠብቅ ነበር። እሱም «ደከመኝ» እያለ ይወጣ ነበር፣ ይህ ሰው! እኔም ትከሻውን አሸዋለሁ!

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ የኮሪደሩ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሊፍቱ በጣቱ ቆሞ ገባ። አባዬ የእሱ ወንበር ላይ፣ ሳጥኗን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። ሲያየን ደሙ ከፊቱ ሸሸ። በልማዱ አባዬ ፊት ቆቡን አወለቀ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሲገባ ጆሮውን የሸፈነ ጎፈሬ ነበረው። አሁን ፀጉሩ ተቆርጧል፤ ከኋላ በኩል ጥንቅቅ ብሎ በምላጭ ተስተካክሏል።

አባዬ ነው የጀመረው።

«በአራት ሰዓት ተረኛነት መሀል ፀጉርህን ተቆረጥክ?»

«አባባ...»

«ተመልሳለች?» አልኩት እኔ።

ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። ያ በቂዬ ነበር፤ ግን ሰው በቂ አይለውም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መጀመሪያ ለእሷ አልነበረም» አለ፤ ቃሉ እርስ በርሱ ይደናቀፋል። «ሥራ ቦታ ሰዎች ሊፍት ውስጥ ተቆልፈው አለቃዬ ጠራኝ፤ ቅዳሜ ነበር። ብቀር ቆጠራው ከአንድ ሊጀምር ነው። አንቺን ላለማጣት ብዬ ነው የሠራሁት፣ እግዜር ያውቃል። አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሠራ። ማንም አላወቀም። ከዚያ በሳምንቱ እሷ መጣች፤ መንገድ ላይ አገኘኋት። ላወራት ብቻ አልኩ። ቅዳሜ ደግሞ... ቅዳሜ ሳጥኑ ነበረ።»

«እሑድ ከእኔ ጋር፣ ቅዳሜ ከእሷ ጋር።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ካገባሁህ በኋላ? ወይስ ያኔም ቤት ሳጥን አስቀምጠህ ልትሄድ ነበር?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ላይ ጠረጴዛ ወደቀ» አልኩት። «ስድስት ደወልን። ሦስት ጊዜ ስድስት ደወልን፤ ሦስቱንም ጊዜ አለሁ አልከን።»

ያኔ ቀና ብሎ የተቀደደውን ሸሚዜን አየ። ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራመደ። እጄን አነሣሁ፤ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሁለት-ሁለትን ራስህ በእጅህ የመታኸው መጨረሻ መቼ ነው?»

ለማስታወስ ሞከረ፤ ግንባሩ ሲሸበሸብ አየሁ። ቢዋሸኝ እመርጥ ነበር። ሊያስታውስ አልቻለም።

አባዬ ሳጥኗን ለእሱ ዘረጋለት። «በአንድ መስመር ሁለት ባቡር ላክህ» አለው በቀስታ። «ዕቃህን ያዝና ሂድ፣ ልጄ።» ከዚህ በኋላም «ልጄ» ማለቱ አንጀቴን በላው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ምን ይነገራሉ? ሥራ ቦታ ለአንዲት እናት ስድስት ጥርስ በተሳሳተ ነጭ ሠርቼ ሰጠሁ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሊፍቱ በየማታው ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፈዋለሁ። በበሩ ሥር ደብዳቤ አሾለከ። ከፀጉር ቆራጯ ጋር እንደጨረሰ፣ ያሰበው ሁሉ ያለፈ ነገር ጥላ እንደነበር፣ ከአንድ ጀምሮ ሌላ ዓመት መቁጠር እንደሚፈልግ ጽፏል። ጠልቼው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! አልጠላሁትም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

«ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው» አለኝ አባዬ፣ የተሰነጠቀውን ተራራ እየለሰንን። «ሰውን በደወል ለካሁት። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲታፈን እንኳ ልሂድ ማለት አስፈራሁት።»

«አንተ ሳጥን ሥራ አላልከውም።»

«አላልኩም። ግን በሩን ዝጉ ያልኩት እኔ ነኝ።» ጀሶውን በጣቱ አለሰለሰ። «ቅዳሜ ይምጣ? ከአንድ ይጀምር? አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። እኔ አልጫንሽም።»

የያዝኩትን ስንጥቅ በጀሶ ሞልቼ ጨረስኩ። «ይምጣ» አልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ከቀረ በኋላ፣ ዓመቱ በሚሞላበት ቅዳሜ መጣ። ቆቡን አውልቆ አባዬን ሰላም አለ፤ እኔን አየኝና ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። በሩ ተዘጋ። አባዬ ሰዓቱን ከፈተ። እኔ ቁልፌ ላይ እጄን አደረግኩ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ትንሽ ዘገየ። ከዚያ አንድ ምት መጣች። አለሽ?

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አወቅኩት። አንዲት ምት ናት፤ ግን ሰው የመታት ናት። አንድ መለስኩ። አለሁ።

ከዚያ ሁለት፤ ሁለተኛዋ ቆይታ፣ ተጎትታ። ትንሽ ዝምታ። ደግሞ ሁለት፤ የመጨረሻዋ ረጅም ጊዜ ፈጅታ ጠብ አለች።

ናፈቅሽኝ።

ለዚህች ምት ስንት ሳምንት ጓጉቻለሁ! እኔም ናፍቆኛል፤ ብመልስ ውሸት አይሆንም ነበር። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። መንካት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ሁሉ ከዚያ ቁልፍ ሥር ነው ያለው፤ ትዳሬም፣ እሑዶቼም፣ ግድግዳው ውስጥ ጣቴን የያዘው እጅም።

ግን ተነሣሁ። ሳላስበው፣ እግሬ ራሱ ተነሣ። አባዬ «ልጄ፣ በሩ...» አለ። እጀታውን አዞርኩና ከፈትኩት።

ነበረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ ጉንጩ ረጥቦ። ከአጠገቡ ሳጥን የለም፣ ሽቦ የለም። ሰው ብቻ ነው። ሲያየኝ ፊቱ ሁሉ በራ።

«አለሁ» አለኝ። «ይኸው እኔው ነኝ፤ አለሁ።»

«አለህ» አልኩት። «ግን መኖርህን በዓይኔ ለማየት ተነሣሁ።»

አልገባውም። ቀጥሎ ገባው፤ ከፊቱ ላይ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁ። ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ዛሬ ብቻ ነው» አለ። «ይተውሻል። ሌላ ጊዜ አትከፍቺውም።»

«እከፍተዋለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

ላባብለው ፈለግሁ። አይ፣ ይቀርልኛል፣ ጊዜ ስጠኝ ልለው ፈለግሁ። ግን በቅዳሜ የጀመረው በቅዳሜ እንደማያበቃ አውቄያለሁ። ቤታችን ሲዘገይ፣ ስልክ ሲያነሣ፣ ሌሊት ወደ ግድግዳው ሲዞር፣ እየተነሣሁ በር የምከፍት ሴት እሆናለሁ። እሱም ሁልጊዜ እዚያ ተቀምጦ አለሁ የሚል ሰው ይሆናል። ለሁለታችንም አዘንኩ።

«ሁልጊዜ» አልኩት።

ጣቶቹን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ቆቡን ፈልጎ ጭኑ ላይ አገኘው። በኮሪደሩ በር ሲወጣ ዞሮ አላየኝም፤ እኔም አልጠራሁትም። እሱ የተነሣበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳይሰማኝ ሳይሆን አባዬ እየሰማኝ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።